ያውቁ ኖሯል? ማዕድናትና የሴቶች ጤና

(በዚህ ዓምድ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ቡና፣ ከምግብ በፊት ከሚጠጣው ይልቅ ብረት እንደሚያሳጣ ያውቁ ኖሯል? በ1983 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቡና ከሥጋ ምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት በ39 በመቶ ቀነሰው፤ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ቡናው ምግቡ ከመቅረቡ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ ምንም ጉዳት አላመጣም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ሆነ። የእኛ ወግ ደግሞ ገበታ ከተነሣ በኋላ ጀበና መጣድ ነው! አቦሉ ይቅር ብዬ ለመጻፍ ብዕሬ አይታዘዘኝም። በእርግዝና ክትትል የተሰጠዎትን የብረት ክኒን ግን በቡናም በሻይም አይዋጡት፤ በውኃ ይዋጡት፣ ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

አንዲት በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል፤ ለወንዱ 8 ይበቃዋል። ምክንያቱ የወር አበባ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊግራም ያህል ብረት ይዞ ይወጣል። እርግዝና ሲመጣ ሒሳቡ ይከብዳል፦ ከጽንሱ እስከ ወሊዱ ድረስ በጠቅላላው አንድ ግራም፣ ማለትም 1000 ሚሊግራም ገደማ ብረት ይጠይቃል። የብዙ ሴቶች የተጠራቀመ ስንቅ ግን 300 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ጎደሎው ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ከእናትየው ይመጣል። በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶዎቹ የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል።

«ጤፍ እየበላን እንዴት ብረት ያንሰናል?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሣል። ጤፍ በላቦራቶሪ ሲመዘን የሚገኝበት ብረት ትልቁ ድርሻ ከእህሉ ሳይሆን ከአውድማው አፈር የመጣ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በሬ ሲያበራየው ከጥቃቅኑ ፍሬ ጋር የሚቀላቀለው አፈር በብረት የበለጸገ ነው፤ ጤፉ ታጥቦ ሲመዘን ቁጥሩ በጣም ይወርዳል። የአፈሩን ብረት ደግሞ አንጀት እምብዛም አይወስደውም። ለጤፍ ጠበቃ መቆም ካስፈለገ ክርክሩ መቆም ያለበት በእርሾው ላይ ነው፤ ሊጡ ሲቦካ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳልና። በቅጡ የቦካ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የብረት ክኒን በየቀኑ ከመዋጥ ይልቅ ቀን እየዘለሉ መዋጥ የተሻለ ሊገባ እንደሚችልስ? በ2017 ዙሪክ ውስጥ ብረታቸው ባነሰ፣ እርጉዝ ባልሆኑ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በየቀኑ የወሰዱት 16.3 በመቶውን ሲያስገቡ ቀን እየዘለሉ የወሰዱት 21.8 በመቶውን አስገቡ። ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን ብረት በገባ ማግሥት ለሚቀጥለው ክኒን አንጀትን ይዘጋበታል። እርጉዝ ከሆኑ ግን በራስዎ ፈቃድ ቀን አይዝለሉ፤ አዋላጇ ወይም ሐኪሙ ያዘዙልዎት ይበልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ጠቃሚውና መርዛማው ብረታ ብረት በአንድ በር እንደሚገቡ ያውቁ ኖሯል? በአንጀት ግድግዳ ላይ ብረትን የሚያስገባ ፕሮቲን አለ። ይህ በረኛ ካድሚየምንም ያሳልፋል፤ መታወቂያ አይጠይቅም። ሰውነት ብረት ሲያንሰው በሮቹን ያበዛል፣ ከፈት ያደርጋል። ያን ጊዜ ከገበታው ላይ የሚገኘው ብረት ጥቂት ከሆነ በተከፈተው በር የሚገባው ሌላው ይሆናል። የሴቶች የካድሚየም ክምችት ከወንዶች ከፍ ብሎ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እርሳስም የካልሲየምንና የብረትን መንገድ ይሻማል። ስለዚህ የደም ማነስ ያለባት ሴት ጉዳት ድካምና ማዞር ብቻ አይደለም፤ ከቀለምና ከዕቃ ወደ ሆዷ የሚገባው መርዝ ከሌላው ሰው በላቀ መጠን ወደ ደሟ ያልፋል። ስለ ከባድ ብረታ ብረት ሲወራ ፋብሪካና ማዕድን ማውጫ ይነሣል እንጂ ይህ ጉዳይ አለመነሣቱ ይገርመኛል።

ካድሚየም ራሱን እንደ ሴት ሆርሞን ማስመሰል ይችላል። በ2003 በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች ኦቫሪያቸው ለወጣ፣ ማለትም የራሳቸው ኢስትሮጅን ለሌላቸው አይጦች ጥቂት ካድሚየም ሰጡ። የአይጦቹ ማሕፀን ክብደት ጨመረ፣ የጡታቸው ሕዋስ አደገ፤ ኢስትሮጅን የተሰጣቸው መሰሉ። በማሕፀን ሳሉ ለካድሚየም የተጋለጡት እንስት ልጆች ደግሞ ቀድመው ለአቅመ ሔዋን ደረሱ። አይጥ ሰው አይደለችም፤ በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤታቸው የተደባለቀ ነው። ግን እንዲህ ዓይነቶቹ ብረቶች ሜታሎኢስትሮጅን የሚል የወል ስም ወጥቶላቸዋል።

ጃፓን፣ ቶያማ ግዛት፣ የጂንዙ ወንዝ። ከላይ ያለው የካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ካድሚየሙን ወደ ወንዙ ለቀቀ፤ ወንዙ የሩዝ ማሳውን አጠጣ። «ኢታይ ኢታይ»፣ «አመመኝ አመመኝ» የሚል ስም በወጣለት በዚያ በሽታ አጥንታቸው እየተሰበረ የተሠቃዩት አብዛኞቹ ያረጡና ብዙ ልጅ የወለዱ ሴቶች ነበሩ። መንግሥት በሽታው ከብክለቱ የመጣ መሆኑን ያመነው በ1968 ነው።

የትንባሆ ተክል ካድሚየምን ከአፈር አጥብቆ ይስባል። ካድሚየሙም በምታጨስ እርጉዝ ሴት እንግዴ ልጅ ውስጥ ይጠራቀምና ወደ ጽንሱ የሚያልፈውን ዚንክ ይቀንሳል።

አንዲት ሴት በልጅነቷ የገባባትን እርሳስ ከሃያ ዓመት በኋላ ለልጇ ልታቀብል እንደምትችል ያውቁ ኖሯል? በትልቅ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው አጥንት ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ለአሥርት ዓመታትም ይቀመጣል። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም አይለየውም። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ካልሲየም ከአጥንት ሲወጣ እርሳሱም አብሮ ይወጣል። ይህን በማያሻማ መንገድ ያሳየው አውስትራሊያዊው ተመራማሪ ብራያን ገልሰን ነው። የየአገሩ እርሳስ የየራሱ አሻራ አለው፤ የአውስትራሊያው ከሌላው ይለያል። ገልሰን በ1990ዎቹ ከምሥራቅ አውሮፓ ወደ አውስትራሊያ የፈለሱ ሴቶችን ከእርግዝናቸው በፊት ጀምሮ ደማቸውን እየመረመረ ተከታተለ። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ የድሮው አገር አሻራ ያለው እርሳስ በደማቸው ውስጥ ብቅ አለ። አገር ለቅቆ መሄድ አጥንትን አያጸዳም ማለት ነው፤ ውጭ አገር ለሚኖሩ እኅቶቻችንም ነገሩ ያው ነው።

መድኃኒቱ ግን ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ እርጉዝ ሴቶች በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ሲሰጣቸው የደማቸው እርሳስ በአማካይ 11 በመቶ ቀነሰ።

ስለ እርሳስ ሌላ ታሪክ፣ የእርድ ታሪክ። በባንግላዴሽ ገጠር፣ ፋብሪካ በሌለበት፣ የእርጉዝ ሴቶች ደም ከፍተኛ እርሳስ ተገኘበት። ተመራማሪዎቹ ከአፈሩ ጀምረው እስከ ምግብ ጣሳው ድረስ ፈለጉ። የእርሳሱ አሻራ ያመለከተው ወደ እርዱ ነበር። ነጋዴዎች የደበዘዘውን የእርድ ሥር ሲያሹ ሊድ ክሮሜት የተባለ፣ እርሳስ ያለበት የቀለም ዱቄት ይጨምሩበት ነበር፤ ደማቅ ቢጫ ስለሚሆን ገዢ ይወደው ነበር። ልማዱ የጀመረው በ1980ዎቹ ጎርፍ እርዱን አርጥቦ ካጠቆረው በኋላ ነው ይባላል። በ2019 ግኝቱ ይፋ ሲሆን መንግሥት ገበያውን ፈተሸ፣ ነጋዴዎችን ቀጣ፣ ጋዜጦች ጮኹ። በዚያ ዓመት እርሳስ የተገኘባቸው የገበያ ናሙናዎች 47 በመቶ ነበሩ፤ በ2021 አንድም አልተገኘም። ሁለት ዓመት! የባለሙያውና የመንግሥት እጅ ከተገናኘ ሥራው ይህን ያህል ፈጣን ሊሆን እንደሚችል ሳስብ እቀናለሁ። ለአልጫ ወጥ እርድ ለምንገዛ የቀረው ትምህርት፦ ቀለሙ የተቀባው በሥሩ ላይ ስለነበር «ሳይፈጭ እገዛለሁ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከሚገባው በላይ የሚያበራ ቢጫ ይጠራጠሩ።

ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራ የአሉሚኒየም ድስት እርሳስ ሊተፋ ይችላል፤ በካሜሩንና በሌሎች በርካታ አገሮች ተመርምሮ ተረጋግጧል። ጎምዛዛ ነገር፣ ለምሳሌ ቲማቲም፣ በብዛት ያወጣዋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆሞ ያየ ሰው ቁርጥራጭ ብረት እንዴት ዕቃ እንደሚሆን ያውቃል፤ ጥበቡ ይደነቃል፣ ወደ ማቅለጫው ምን እንደገባ ግን ዓይቶ መለየት አይቻልም። የድሮ ቀለም ሲፋቅም እርጉዝ ሴት ከቤቱ ብትወጣ ይበጃል። ኢትዮጵያ በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳ ግን አሁንም ቆሟል።

አንዳንዱ ኩል ክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ሁሉም አይደለም፤ በዓይን ግን አይለይም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ በቧንቧ ውኃዋ እርሳስ የተነሣ ጽንስ ሳታጣ እንዳልቀረች ያውቁ ኖሯል? በ2000 መጨረሻ የውኃ ድርጅቱ ማከሚያውን ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን ሲቀይር፣ አዲሱ ኬሚካል ከአሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች ላይ ሽፋኑን አሟሟ። ኢንጂነሩ ማርክ ኤድዋርድስ በ2014 ባሳተመው ጥናት የውኃው እርሳስ ጣሪያ በነካበት በ2001 በከተማዋ የጽንስ ሞት መጨመሩን፣ ነዋሪው ተነግሮት ማጣሪያ ከታደለ በኋላ ደግሞ መቀነሱን አሳይቷል። ውኃ በመልክም በጣዕምም ምንም አልሆነም ነበር።

በእርግዝና አፈር የሚያምራት ሴት ብዙ ጊዜ ብረት ያነሳት ሴት ናት። አምሮቱን ማፌዣ ማድረግ ይቅርና ደሟን ማስመርመር ይሻላል። አፈሩ ራሱ ብረት እንዳይገባ ያግዳል፤ አንዳንዱም እርሳስ ይዞ ይመጣል። በምዕራብ አፍሪካ እርጉዞች የሚበሉት ካላባሽ ቾክ የሚባለው ነጭ ሸክላ በዚህ ምክንያት በእንግሊዝና በአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል።

እኛ እትብት እንቀብራለን፤ ጃፓኖች አድርቀው በትንሽ ሣጥን ያስቀምጣሉ። ይህ ልማድ ለሳይንስ ምን እንዳበረከተ ያውቁ ኖሯል? በ1956 በሚናማታ ከተማ እንግዳ የነርቭ በሽታ መኖሩ ታወቀ። ቺሶ የተባለ የኬሚካል ፋብሪካ ሜርኩሪ ወደ ባሕሩ ይለቅ ነበር፤ ሜርኩሪው በዓሣው፣ ዓሣው በሰው ሆድ ገባ። በዚያ ዘመን ሐኪሞች እንግዴ ልጅ መርዝ አያሳልፍም ብለው ያምኑ ነበር። ይሁንና እናቶቹ ደህና መስለው እየታዩ የተወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ በጽኑ ታመሙ። ዶክተር ሃራዳ ማሳዙሚ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሕፃናቱ በሽታ በማሕፀን ውስጥ የያዛቸው መሆኑን ለማሳየት ተነሣ። ኋላም ቤተሰቦች ያስቀመጧቸው የደረቁ እትብቶች ሲመረመሩ፣ ፋብሪካው በብዛት ባመረተባቸው ዓመታት በተወለዱት ላይ ሜርኩሪው ከፍ ብሎ ተገኘ። እንግዴ ልጅ ሜርኩሪን አያግድም፤ እንዲያውም በጽንሱ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከእናቱ ደም ይበልጣል።

ዓሣ ግን አይተዉ። ሜርኩሪ የሚበዛው ሌላ ዓሣ እየበሉ በሚኖሩት በትልልቆቹ፣ እንደ ሻርክና ሰይፍ ዓሣ ባሉት ነው። ቆሮሶ አልጌ በል ስለሆነ አነስተኛ ሜርኩሪ ካላቸው ወገን ይመደባል።

የቆዳ ማንጫ ክሬም ጉዳይ የባሰ ነው። ሜርኩሪ ቆዳ የሚያቀላው ሜላኒን እንዳይመረት በማገድ ነው፤ በቆዳ ውስጥ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ወደ ጽንስም ያልፋል። በዚያችው በሚናማታ ከተማ ስም የተጠራው፣ በ2013 ጸድቆ በ2017 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበት የቆዳ ማንጫ እንዳይመረትና ከአገር አገር እንዳይሻገር ይከለክላል። ገበያው ግን ስምምነት አያነብም። በማሸጊያው ላይ ሜርኩሪ፣ ካሎሜል ወይም ሜርኩሪክ የሚል ካዩ፣ ወይም ምን እንዳለበት ጭራሽ ያልተጻፈ ከሆነ አይግዙት። «ፊቴ ላይ ብቻ ነው የምቀባው» ማለት አያድንም፤ የቤቱ ሕፃን ያንን ፊት ይስማልና።

ወደ ጠቃሚዎቹ እንመለስ። በዕድሜ ልካችን የሚያስፈልገን አዮዲን በሙሉ ተሰብስቦ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ እንደማይሞላ ያውቁ ኖሯል? ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃል፤ ለእርጉዝና ለአጥቢ 250። ቲ4 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን አራት የአዮዲን አተሞች አሉት፤ አዮዲን ከሌለ ሆርሞኑ የለም። ታይሮይድ ሲያንስ አንጎል የሚልከው የማነቃቂያ ትእዛዝ ይበዛል፤ ይህ ትእዛዝ ፕሮላክቲን የተባለውን የወተት ሆርሞንም ከፍ ያደርጋል፤ ፕሮላክቲን ሲበዛ ደግሞ እንቁላል መውጣቱ ይስተጓጎላል። ስለዚህ የወር አበባ የተዛባባት ወይም መፀነስ ያቃታት ሴት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አንገቷ መዳሰሱ አይግረማት። በጽንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ ይከፋል፦ ውርጃ፣ ሞቶ መወለድ፣ የአእምሮ እድገት መሰናከል።

እንቅርት በደጋው አገራችን እንደ ውበት እስኪታይ ድረስ የተለመደ ነበር። ከዳሎል በግመል የሚመጣው አሞሌ አዮዲን የለውም፤ ከኤርትራ የሚመጣው ጨው ከተቋረጠ በኋላም አዮዲን ያለው ጨው ጠፍቶ ከረመ። በ2011 ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። አዮዲን በሙቀትና በአየር ይተናል፤ ጨው ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር፣ ዕቃውም ይከደን።

ዚንክ ለአካለ መጠን መድረስ እንደሚያስፈልግ የታወቀው አፈር በሚበላ ሰው ነው። ለሐኪሙ አናንዳ ፕራሳድ በ1958 ኢራን፣ ሺራዝ ውስጥ የ21 ዓመት ሆኖ የ10 ዓመት ልጅ የሚመስል፣ ብልቱ ያላደገ ታካሚ ቀረበለት። ምግቡ ያልቦካ ቂጣ ነበር፤ በላዩ ላይ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል ሸክላ አፈር ይበላ ነበር። ተመሳሳይ ችግር በሴቶች ላይ መታየቱ የተዘገበው በ1975 ነው፤ ለሴቶቹ ለምን 17 ዓመት እንደዘገየ አንባቢ ይገምት።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ደግሞ ዓይን የሚስብ ነው። እንቁላል በተነቃቃችበት ቅጽበት ዚንክ እንደ ብልጭታ ትተፋለች። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የቴሬሳ ዉድረፍና የቶማስ ኦሃሎራን ቡድን በአይጥ እንቁላል ካየው በኋላ በ2016 በሰው እንቁላል ላይ አሳየው፤ የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ስለሚገድባቸው የወንድ ዘር ሳይጠቀሙ በኬሚካል አነቃቅተው ነው። የአይጧ እንቁላል በምትበስልበት ጊዜ 20 ቢሊዮን ያህል የዚንክ አተሞች ወደ ውስጥ ትስባለች።

መዳብስ? በእርግዝና ኢስትሮጅን ሲጨምር በደም ውስጥ ያለው መዳብ እጥፍ ገደማ ይሆናል። የወሊድ መከላከያ ክኒን ከሚወስዱ ሴቶች የተቀዳ የደም ፕላዝማም መዳብ ተሸካሚው ፕሮቲን ስለሚበዛበት አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። በሌላ በኩል ቺሊያዊው ሐኪም ኻይሜ ዚፐር በ1969 ማሕፀን ውስጥ የገባ መዳብ እርግዝናን እንደሚከላከል አሳየ። ዛሬ «ሉፕ» የምንለው 380 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ያለው ዕቃ ያለ አንዳች ሆርሞን ቢያንስ 10 ዓመት ያገለግላል። የወር አበባን ሊያበዛ ስለሚችል ሉፕ ያስገባች ሴት ደሟን አልፎ አልፎ ብትመረመር መልካም ነው።

በመጨረሻ ሴሌኒየም። ቲ4ን ወደ ሚሠራው ቲ3 የሚለውጡት ኤንዛይሞች ያለ ሴሌኒየም አይሠሩም። ቻይና ውስጥ በኬሻን አውራጃ ስም የተጠራው የልብ በሽታ ከሴሌኒየም ማነስ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በዋናነት የያዘው ሕፃናትንና በመውለድ ዕድሜ ያሉ ሴቶችን ነበር። በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያ እህል ውስጥ ያለው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ ያው ጤፍ የበቀለበት አፈር ይወስነዋል።

ይህን ያነበበ ሁሉ ፋርማሲ ሄዶ የሴሌኒየም እንክብል እንዳይገዛ። በ2008 አሜሪካ ውስጥ በፋብሪካ ስህተት ከተጻፈበት 200 እጥፍ ሴሌኒየም የገባበት ፈሳሽ ማሟያ 201 ሰዎችን መረዘ፤ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ጥፍራቸው ተነቀለ። ለኦቫሪ ፈሳሽ ከረጢት፣ ለመሃንነት፣ ለወር አበባ ሕመም እየተባለ የሚሸጠው የዚንክ፣ የክሮሚየምና የሴሌኒየም ድብልቅም ማስረጃው ከዋጋው ያነሰ ነው። ለማሟያው የሚያወጡትን ገንዘብ መጀመሪያ ለምርመራ ያውሉት፦ ሄሞግሎቢን፣ የብረት ስንቅን የሚያሳየው ፌሪቲንና የታይሮይድ ሆርሞን እንዲታይልዎት ሐኪምዎን ይጠይቁ።